ፎልደሩን የያዘው ማን ነበር

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለው ሆቴል ለሙሽሮችና ለሽማግሌዎች አንድ ክፍል የተሰጠው በሥራ ባልደረባዬ በሌሊሴ ጥፋት አይደለም። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። ሌሊሴ የጻፈችው የኮምፒውተር ስክሪፕት አሮጌውን ፋይል ሳይሰርዝ የቀረው እሷ ስለተዘናጋች አልነበረም፤ በቢሯችን ሲወራ የከረመው ግን እንደዚያ ነው። ሰው ባላጠፋው ጥፋት በየጠዋቱ ስሙ ሲነሳ ቆሜ አይቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ስይዝ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ በደል ነው። የቀረው ትዝታዬ አብዛኛው የሚያስቅ ስለሆነ አትፍሩ፤ አንብቡት።

የተወለድኩት ወንጂ፣ ከአገዳ ቆራጮች ሰፈር ነው። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ ናዝሬት መጥቼ ታይፕ ተማርኩ፤ አዳማ ማለት ያለብኝ ቢሆንም እኔ ሲያመልጠኝ ዛሬም ናዝሬት እላለሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ስመታ ኖርኩ። የተከፋ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ያለቅሳል፤ እኔ እመታለሁ። አንዳንዱ ከአያቱ ዘመን ይጀምራል። "አባቴ፣ መጀመሪያ በደሉን ንገረኝ፤ አያትህን ኋላ እናመጣቸዋለን" እለዋለሁ። በደል እንዴት እንደሚጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው።

ኮምፒውተር መጥቶ ታይፕ ሲሸነፍ እህቴ ያለችበት ሻሸመኔ ሄጄ መናኸሪያው አካባቢ የሠርግ ጥሪ፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ የተማሪ ማመልከቻ የሚያትም ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ኮምፒውተር በጥፊ የሚገራ የሚመስለው ሰው ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሹፌር ውል ሊሰርዝ ቢሞክር ማሽኑ እምቢ አለው፤ "ፋይሉ ተይዟል" ይላል። ባለቤቱ የማሽኑን ጎን ደበደበው።

"እኔ በገዛሁት ዕቃ እኔኑ እምቢ?" አለ።

ፕሪንተር ሊጠግን መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረ ረጅም ቀጭን ሰው ተነሳና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረበ። ይህ ሰው ጋሽ ድሪባ ነው፤ ሥራዬን ያስተማረኝ።

"ማን ይዞታል?" ሲል ጠየቀ።

"ማንም አልያዘውም! ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።"

"እንግዲያው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።"

ጎንበስ ብሎ ከኋላ የተደበቀውን መስኮት ገለጠ። ባለቤቱ ራሱ ውሉን ከፍቶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የካርታ ጨዋታ ከፍቶ ኖሯል። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ጋሽ ድሪባ ግን ፊቱ አልተለወጠም። ከኮት ኪሱ ቆሎ አውጥቶ ለባለቤቱ ዘገነለትና "ያጋጥማል። ዝጋውና ሰርዘው" አለው።

ኋላ "ቆሎው ምንድን ነው ጋሼ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ፋይል የያዘ ሰው አፍሮ ከዋሸ ፋይሉን አናገኘውም። ቆሎ እየቆረጠመ የሚዋሽ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም" አለኝ።

ወደ አዳማ የመለሰኝም እሱ ነው። አቶ ናትናኤል የሚባል፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን መሐንዲስ የሶፍትዌር ድርጅት ከፍቶ ነበር፤ ለሆቴሎች፣ ለመድኃኒት ቤቶችና ለወፍጮ ቤቶች ፕሮግራም ይሠራል። ጋሽ ድሪባ የሰርቨሩ፣ ማለትም የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበት የዋናው ኮምፒውተር፣ ኃላፊ ሆኖ ሲገባ "ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ፣ አፏም ምንም የማያልፍ ሴት አለች" ብሎ አስቀጠረኝ። ደመወዙ ከሻሸመኔው ይሻላል፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሥራዬ ቢልድ ማስኬድ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ እያንዳንዳቸው ቁራጭ ቁራጭ ይጽፋሉ፤ ያንን ሁሉ ሰብስቦ ደንበኛው የሚሠራበት አንድ ሙሉ ፕሮግራም ማድረግ ቢልድ ይባላል። ይህን በእጅ አንሠራውም። ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ስክሪፕት የሚባል ፋይል አለ፤ እኔ አስነሳዋለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ የሠራውን ሞክሬ ለደንበኞች እልካለሁ። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የትናንቱን ፎልደር ሰርዝ። ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን መሰብሰብና ማሸግ የሚመጣው። መሰረዝ ቀላል ይመስላል። የሥራ ዘመኔ ግን ያለቀው እዚያች አንዲት ትእዛዝ ላይ ነው። ሳይጠረግ አዲስ እህል የገባበትን ጎተራ አስቡት፤ የዘንድሮው ስንዴ ከአምናው ነቀዝ ጋር ይቀላቀላል።

እንግሊዝኛዬ ያው የሰባተኛ ክፍል ነው። ስክሪፕቱ ሲወድቅ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ይሆናል፤ እኔ የመጨረሻውን መስመር አይቼ እጮኻለሁ። ጋሽ ድሪባ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ መጀመሪያው ቀይ መስመር ይወጣል። "የመጀመሪያው አባት ነው፤ የቀሩት ልጆቹ ናቸው። ልጆቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ? አባትየውን ጥሪው" ይላል። ከዚያ ያንን መስመር ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ ይነሳና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። "ማን ይዞታል?" ሰው ሁሉ ሳይፈራ እጁን ያነሳ ነበር። "እኔ ነኝ ጋሼ፣ መመሪያውን ከፍቼ እያነበብኩ ነው" ይላል አንዱ። ይዘጋል፣ ቆሎውን ይቀበላል፣ ሥራው ይቀጥላል።

ኮምፒውተር አጥፍቶ ማብራት አይወድም። "ይሠራል እኮ" ስለው፣ "መሥራቱንስ ይሠራል። ግን ጥያቄውን አባረርሽው እንጂ አልመለስሽውም፤ ነገ በዚያው በር ይመጣብሻል" አለኝ።

አንድ ሰሞን ስክሪፕቱ አንዱን ቀን ይሰርዛል፣ ሌላውን ቀን እምቢ ይላል። እምቢ የሚለው ፋይል ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ማንንም ብንጠይቅ አልያዘም። ጋሽ ድሪባ ግራ ሲገባው ቆሎውን ራሱ ጨረሰው። በመጨረሻ ስንደርስበት የቫይረስ መከላከያው ነው። አዲስ ፋይል ባየ ቁጥር አንስቶ ያሸተዋል፤ እያሸተተ ሳለ ስክሪፕቱ ልሰርዝ ሲል ይጋጫሉ።

"ዘበኛው ቦርሳሽን እየፈተሸ ሳለ ቦርሳሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ?" አለኝ ጋሽ ድሪባ።

"እታገለዋለሁ።"

"አንቺማ ትታገይዋለሽ። ጨዋ ሰው ግን ትንሽ ይታገሣል።"

ስለዚህ ስክሪፕቱን ጨዋ አደረግነው። እምቢ ሲባል ጥቂት ይቆይና እንደገና ይሞክራል፤ ደጋግሞ እምቢ ከተባለ ግን ቆሞ ይጮኻል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ፎልደር "ስሙ በጣም ረዝሟል" እያለ በምንም አልሰረዝ አለ። ብገባ "አዲሱ" የሚል ፎልደር አለ። በውስጡ "አዲሱ ትክክለኛው"። በእሱ ውስጥ "የመጨረሻው"፣ በእሱ ውስጥ "እውነተኛው የመጨረሻ"፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ "ከዚህ በኋላ አይነካም"። ማሽኑ ይህን ሁሉ በር ከፍቶ መጨረሻው ድረስ መዝለቅ አቅቶታል። ጋሽ ድሪባ የውስጠኛውን ፎልደር ወደ ደጅ አውጥቶ አንድ ፊደል ብቻ ስም ሰጠው፤ ወዲያው ተሰረዘ። የፎልደሮቹን ባለቤት ጠርቶ "ይህ ፎልደር ነው ወይስ ኑዛዜ?" ሲለው ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ደስ የሚል ዘመን ነበር።

ጋሽ ድሪባ ጡረታ ወጥቶ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፓፓያ ሊተክል ሲሄድ ስክሪፕቱን የተረከበችው ሌሊሴ ናት። የደራ ከተማ ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በሙያዋ በደንብ የተማረች። በኦሮምኛ አክብራ "አዴ አስካለ" ትለኛለች። ስትስቅ ወንበሯ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቋ ከታች ፎቅ ይሰማል።

አቶ ናትናኤልን ክፉ ሰው አድርጌ እንዳልጽፈው እጠነቀቃለሁ፤ ክፉ አይደለምና። የሌሊሴ እናት ደራ ታመው ሲወድቁ ራሱ መኪናውን ነድቶ ያመጣቸው፣ ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይም ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው። ግን ችኩል ነው። ስክሪፕቱ ቆሞ ሲጮህ ያመዋል።

"ደንበኛ እየጠበቀ ለምንድን ነው የሚቆመው? ስህተት ቢያገኝም ይለፈው" ብሎ ሌሊሴን አዘዛት።

"አሮጌው ካልተሰረዘ ከአዲሱ ይቀላቀላል እኮ" አለችው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

"አይቀላቀልም። እንዲያልፍ አድርጊው።"

እንዲያልፍ አደረገችው። ያን ሰሞን በቢሯችን እንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። የመጣ ሁሉ ለላንጋኖው ሆቴል የሠራነውን ፕሮግራም እንዲያይ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል። አቶ ናትናኤል እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ ያሳያል።

አሁን ወደ ላንጋኖ እንሂድ። ሆቴሉ ክፍሎቹን በወፍ ስም ይጠራ ነበር፤ ፔሊካን፣ ሽመላ፣ ዓሣ አጥማጅ። ኋላ ሌሎች ቤቶች ሲሠራ ሁሉንም በቁጥር ለወጠ። እኛም አዲስ የክፍሎች ዝርዝር አዘጋጅተን ቢልድ አደረግን። ስክሪፕቱ አሮጌውን ዝርዝር ሊሰርዝ ሲሞክር እምቢ ተባለ፤ በታዘዘው መሠረት አለፈው። ሁለቱ ዝርዝሮች ተቃቅፈው ላንጋኖ ሄዱ። ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ በወፍ፣ አንድ ጊዜ በቁጥር።

ቅዳሜ ሠርግ ነበር። ሽመላ ለሙሽሮቹ ተሰጠ። ያው ክፍል በቁጥሩ ለሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ተሰጠ። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ሲከፍቱ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ በጽጌረዳ በተዋበው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል።

ተደውሎልን አቶ ናትናኤል፣ ሌሊሴና እኔ በመኪና በረርን። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሐና በሩ ላይ ጠበቀችን።

"ሽማግሌ ከሙሽራ አልጋ ላይ ያስነሳሁት እኔ ነኝ!" አለች። "አንደኛው 'ቀድመን የመጣነው እኛ ነን' ብለው ተከራከሩኝ። ሙሽሪት ታለቅሳለች፣ እናቷ ትጮኻለች። ማን ነው ይህን የሠራው?"

አቶ ናትናኤል ላብ አጥምቆታል። "ስክሪፕቱን የጻፈችው እሷ ናት" አለና ወደ ሌሊሴ አመለከተ። "ተዘናግታ ነው።"

በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ያለው ሰው ሁሉ ሌሊሴን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ያን ቀን የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አሮጌውን ዝርዝር ከሆቴሉ ማሽን ልሰርዘው አልቻልኩም። በየጠረጴዛው እንግዳ እያስተናገዱበት ነው፤ ሁሉም ይዞታል፣ ማንም መልቀቅ አይችልም። ወይዘሮ ሐና በመጨረሻ ማሽኑን ዘግታ እንግዶቿን በወረቀት ማስተናገድ ጀመረች። ፕሮግራማችንን በሙሽሪት ልቅሶ መሐል ተሸክመን ተመለስን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ ከደንበኛ ቤት ወጥቼ አላውቅም።

ሰኞ ሌሊሴ በሹክሹክታ ጠራችኝ። "አዴ አስካለ፣ እስቲ ይምጡ።"

ሰርቨሩ የትኛው ፋይል በየትኛው ኮምፒውተር እንደተከፈተ የሚያሳይበት ቦታ አለው። እሷ ከፍታዋለች። የክፍሎቹ አሮጌ ዝርዝር አሁንም ተይዟል። የያዘው የአቶ ናትናኤል ኮምፒውተር ነው። ሁለታችንም ቀና ብለን በመስታወቱ አሻግረን አየን። ከእሱ ኮምፒውተር ጋር በተገናኘው ትልቁ ስክሪን ላይ የሆቴሉ ፕሮግራም ያበራል። አቶ ናትናኤል ለእንግዳ ማሳያ ብሎ ፕሮግራሙን በቀጥታ ከሰርቨሩ ፎልደር ከፍቶ፣ ስክሪኑ ከተሰቀለ ጀምሮ ሳይዘጋው ትቶታል።

"ሂጂ ንገሪው" አልኳት።

"እኔ? እናቴን በጀርባው ተሸክሞ ደረጃ ያወጣ ሰው ነው። ፊቱ ቆሜ 'አንተ ነህ' ልበለው? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?"

"እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ።"

"አይነግሩትም! በባሮክ ሞት፣ ስሙን በአፍዎ እንዳይጠሩ!"

ባሮክ ትንሹ የልጅ ልጄ ነው። በባሮክ ሞት ከተባልኩ ወዴት እሄዳለሁ? ማልኩላት። ስሙን በአፌ ላልጠራ ማልኩላት፤ ምዬም ተናደድኩ። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው። ሰውን ሰው የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ደግነት የዋለልህን ሰው ጥፋት በራስህ ስም መሸከም ሌላ ነገር ነው፤ ደግነቱንም ያበላሸዋል።

ሌሊሴ ከስክሪፕቱ ሥራ ተነስታ የደንበኞች ስልክ እንድትመልስ ተደረገች። በእሷ ቦታ የገባው ሰው "ማን ይዞታል" ብሎ አልጠየቀም። ጠዋት ጠዋት ቢልድ ከመጀመሩ በፊት በቤቱ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ፣ ትልቁም ስክሪን ሳይቀር፣ ይጥፋ ብሎ አዘዘ። በእርግጥም ሠራለት፤ ሁሉ ሲጠፋ የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል። ቢልዱ ሲያልቅ አቶ ናትናኤል ትልቁን ስክሪን ያበራና ፕሮግራሙን እንደ ልማዱ ከሰርቨሩ መልሶ ይከፍታል። ግን በየጠዋቱ ሠራተኛው ሁሉ በጨለመ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። አዲስ የገባ ሰው "ምን ሆነን ነው?" ሲል "የሌሊሴ ስክሪፕት ችግር አለበት" ይሉታል። እሷ ስልኩን ይዛ ትሰማለች። ያ ከታች ፎቅ የሚሰማ ሳቅ ጠፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እያደር ሲደፈርስ አየሁ።

አቶ ናትናኤልን ባገኘሁት ቁጥር ጠየቅኩት። እሱ እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ።

"ያን ቀን ፎልደሩን የያዘው ማን ነበር?"

"እማማ አስካለ፣ አልፏል እኮ።"

ሌላ ቀን፣ "እኔ ሌሊሴን ይቅር ብያታለሁ" አለኝ።

"እሷ ምን አደረገችህና ነው ይቅር የምትላት?"

ሌላ ቀን ደግሞ፣ "እርስዎ ይጸልዩልን፣ ቴክኒኩን ለእኛ ይተዉልን" ብሎ ሳቀ።

"እጸልያለሁ፤ ዓይንህን እንዲያበራልህ" አልኩት። እሱ ምርቃት መስሎት አሜን አለ።

የጡረታዬ ወረቀት ተሟልቶ አለቀ። ሽኝት ይደረግላታል ተባለ። ይህ ነገር ሳይታረም ከዚያ ቤት እንዴት እንደምወጣ ጨንቆኝ ባቱ ደወልኩ።

"አካም ጂርታ፣ አስካለ?" አለ ጋሽ ድሪባ።

"ደህና አይደለሁም።" ስም ሳልጠራ ሁሉንም ነገርኩት።

"የያዘውን አውቀሻል?"

"አውቄያለሁ። ግን ምያለሁ።"

እስኪበቃው ሳቀ። "አንቺ ምለሻል፣ ሌሊሴ ታፍራለች። እንግዲህ የማይምልና የማያፍር ፈልጊያ።"

"እንዲህ ያለ ሰው አዳማ ውስጥ የለም ጋሼ።"

"ሰው መቼ አልኩሽ?" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ አቶ ናትናኤል ደስ ብሎት መጣ። "ዳቦ ታዟል፣ ጋቢ ተገዝቷል።"

"አልመጣም" አልኩት።

"እንዴት አይመጡም? ምን በደልኩዎት?"

"እኔን አልበደልከኝም። ጋቢውን አንተ ልበሰው። ሌላ ስጦታ ከሰጠኸኝ እመጣለሁ።"

"ይጠይቁኝ ብቻ!"

"ስክሪፕቱ መሰረዝ ሲያቅተው እንዳያልፍ፤ ይቁም። ቆሞም የትኛው ፋይል እንደተያዘና የያዘውን ሰው ስም በትልቁ ስክሪን ላይ ይጻፍ። ይህን ደግሞ ሌሊሴ ትጻፈው።"

ፊቱ በራ። "ይህማ ግሩም ሐሳብ ነው! ግልጽነት ማለት ይህ ነው።"

"ማንም ይሁን ማን?"

"ማንም ይሁን ማን!" ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

"ከላንጋኖ ወይዘሮ ሐናን ደግሞ እኔ እጋብዛታለሁ" ብዬ ጨመርኩ። እሱ ደንበኛ ሊመለስለት ነው ብሎ ይበልጥ ደስ አለው።

ሌሊሴ ግን ወዲያው ገባት። "አዴ አስካለ! ምለውልኝ ነበር!"

"እኔ ማልኩ እንጂ ማሽኑ መቼ ማለ?"

"አልጽፈውም።"

"የአለቃሽ ትእዛዝ ነው። 'ይለፈው' ሲልሽ ጽፈሻል፤ 'ይቁም' ሲልሽ ልትተዪው ነው?"

 ወንበሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ዓይኗን ጠርጋ መጻፍ ጀመረች።

ሽኝቱ ከሰዓት በኋላ እንግዳ መቀበያው ላይ ተደረገ። ዳቦው ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ጋሽ ድሪባ ከባቱ ፓፓያ በኬሻ ተሸክሞ መጣ። ወይዘሮ ሐና ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ልጆቼ ባሮክን ይዘው መጥተዋል፤ አቶ ናትናኤል ባሮክን አቅፎ እንደተለመደው ትልቁን ስክሪን ያሳየዋል። ስለ እኔ ብዙ ተነገረ። አንዱ "ሲቆጡ ፕሪንተሩ ራሱ ወረቀት ያወጣ ነበር" ብሎ ሰውን በሳቅ ጨረሰው።

ንግግሩ ሲያልቅ "አንድ ነገር ቀረኝ" አልኩ። "የመጨረሻ ቢልዴን ላስኪድ።"

አጨበጨቡ። ወንበር አመጡልኝ። ጠዋት እንደሚደረገው ማንም ኮምፒውተር አላጠፋም፤ ድግስ ነውና ማንም አላሰበውም። ስክሪፕቱን አስነሳሁት። የትናንቱን ፎልደር ሊሰርዝ ሞከረ። ጥቂት ታገሠ። እንደገና ሞከረ። ቆመ።

ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ከዳቦው በላይ፣ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ፤ "ፎልደሩ አልተሰረዘም። የተያዘው ፋይል፦ የክፍሎች ዝርዝር። የያዘው፦ ናትናኤል።"

 አንዱ "አጥፉት፣ አጥፉት" እያለ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሮጠ።

"ተወው" አለ ጋሽ ድሪባ።

ወይዘሮ ሐና መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። "የክፍሎች ዝርዝር ማለት... ያ የእኛ ዝርዝር አይደለም እንዴ? ያ የሠርጉ ቀን..." አለችና ቆመች።

አቶ ናትናኤል ባሮክን እንዳቀፈ ስክሪኑን ያያል። ስሙን አነበበ። ከዚያ ራሱ የከፈተውን፣ ስክሪኑ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ለመጣ ሁሉ ሲያሳይ የኖረውን ፕሮግራም አየ። ቀስ ብሎ ዞሮ ሌሊሴን አያት። እሷ ስልኳ አጠገብ ቆማ፣ እንደ ላንጋኖው ቀን መሬት መሬት ታያለች። ፊቱ ላይ ምን እንዳለፈ ልናገር አልችልም፤ ቁጣ ግን አልነበረም።

ከወንበሬ ተነሳሁ። "ብዙ ጊዜ ጠይቄሃለሁ" አልኩት። "ዛሬ ከዚህ ቤት ወጥቼ መሄዴ ነው። መልሴን ይዤ ልሂድ። ያን ቀንስ የያዘው ማን ነበር?"

ባሮክን ለእናቱ አቀበላት። በዳቦው ጠረጴዛ ዞሮ፣ እኔን አልፎ፣ ሌሊሴ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ፊቱን ወደ ወይዘሮ ሐና አዙሮ፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ እንዲሰማ አድርጎ መለሰልኝ፤

"ያን ቀንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ። 'ይለፈው' ብዬ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ሌሊሴ አይደለችም።"